ያለ ስም የተጠራው ቅሬ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ። መርሳ

የፊልሙን ሦስተኛ ክፍል ጀመርኩ። ቤተልሔም ምስሉን በሃርድ ዲስክ አድርጋ በአውቶቡስ ሾፌር ልካልኝ ትናንት ከመናኸሪያ ተቀበልኩ። ፊልሙ የእሷ ነው፤ ድምፁን የምሠራው እኔ ነኝ። ታኅሣሥ ሲገባ አልቆ አዲስ አበባ መድረስ አለበት።

የምሠራው የእናቴ የእህል ክፍል ውስጥ ነው። ጥቅምት ለዚህ ሥራ ክፉ ወር ነው። የአምናው ማሽላ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። ጆንያዎቹ ከግድግዳው ሥር ሲነሡ ክፍሉ ያስተጋባል፤ ሳስነጥስ የራሴ ድምፅ ይመለስብኛል። ብርድ ልብሶች ሰቀልኩ።

«አንተ ግድግዳ ታለብሳለህ፣ እማ በብርድ ትስላለች» አለች ዙልፋ። ታናሽ እህቴ ናት። እኔ አዲስ አበባ ስኖር ከእናታችን ጋር የቀረችው እሷ ናት።

አንዱን ብርድ ልብስ መለስኩላት። እማን የያዛት ጉንፋን ነው።

ጥቅምት 6

ወፍ ጠባቂዎቹ ከየማማው ላይ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። ንግግር መቅዳት አይቻልም። ዝናቡን ሠራሁ፦ ማሽላ ከሰፌድ ላይ ወደ ቆርቆሮ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነው። እማ ከአልጋዋ ሆና «ዘነበ እንዴ? ማሽላው ሊበሰብስብን ነው!» አለች።

ደስ አለኝ። እውነቱን ስነግራት ግን እሷ ደስ አላላትም።

«እህል እየደፋህ ነው ዝናብ የምታዘንበው?»

«ለቅሜዋለሁ እማ።»

«ዝናቡንም አብረህ ልቀመው።»

ጥቅምት 9

ቤተልሔም ደወለች። በሦስተኛው ክፍል አንዲት አሮጊት ትሞትና ጠሪው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቅሬውን ይጠራል። አንድ ተዋናይ ስቱዲዮ ውስጥ ጮኾላታል። ሰማሁት። ቲማቲም የሚሸጥ ይመስላል።

«እናንተ አገር እውነተኛው አለ አይደል?»

አለ አልኳት።

ቅሬን እንደ እድር አድርጌ ነው ያስረዳኋት፤ ቶሎ እንዲገባት ብዬ። ግን እድር ድንኳንና ወንበር አለው። የእኛ ቅሬ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሲጠራ ያልወጣ በራሱ ቀን ሰው አይወጣለትም። መቃብሩን ራሱ ይቆፍራል።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አያ አበባው ጋ ሄድኩ። የሰፈራችን ጠሪ እሳቸው ናቸው። ለክርስቲያን ሲጠሩ «አርፏል» ይላሉ፣ ለእስላም ሲጠሩ «ወደ አኼራ ሄዷል»። ራሳቸው ክርስቲያን ናቸው። እኔ ልጅ እያለሁም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

«አያ አበባው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠሩልኝ። ለፊልም ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ለማስመሰል ነው።»

«አንተ የሲቲ ልጅ» አሉ በእናቴ ስም ጠርተውኝ፣ «እኔ ቁራ ነኝ እንዴ ያለ ሬሳ የምጮኸው?» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ስም ካልያዝኩ ድምፁም አይወጣልኝ። ስም ሳልይዝ ብጠራስ ማን ላይ ሊያርፍ ነው?»

ሻይ ልጋብዝዎት አልኩ። እንቢ አሉ። ስሄድ «እናትህ እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁ።

ደህና ናት አልኩ።

ጥቅምት 14

ወልድያ ሆስፒታል እንውሰዳት ትላለች ዙልፋ። ሰኞ እንወስዳታለን።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ወልድያ ሄጄ መጣሁ። ቤተልሔም ሁለተኛው ክፍል ዛሬ ይድረሰኝ ብላ ነበር፤ እዚህ ኔትወርኩ አይጎትትም። እማን አልወሰድኳትም። ሚኒባሱ ጠባብ ነበር፤ ደግሞ ጠዋት ላይ ተሽሏት ነበር። ዙልፋ ራቴን ደጃፍ ላይ አስቀምጣልኝ ገባች።

ሲሪንቃ ላይ መኪናው ሲቆም በመስኮት የነፋስ ድምፅ ቀዳሁ። ጥሩ ነፋስ ነው።

ጥቅምት 21

መቅጃውን ጣሪያ ላይ ማሳደር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ለወፎቹ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ግን ምን ስጠብቅ እንደነበር ገባኝ።

የላይ ሰፈሯ እትዬ አሚና ሞተች። አያ አበባው ከኮረብታው ጠሩ። እኔ መሰላሉ ላይ ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ የመቅጃውን የድምፅ መለኪያ መርፌ እያየሁ ነበር። ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደ ላይ ሲሮጥ እኔ ጥሪው እስኪያልቅ አልተንቀሳቀስኩም። ካለቀም በኋላ አልወረድኩም። ከጥሪ በኋላ ያለው ድምፅ ያስፈልገኝ ነበር፦ መጀመሪያ ውሻ፣ ከዚያ አንድ የቆርቆሮ በር፣ ከዚያ ሌላ በር።

ስደርስ ጉድጓዱ ተጋምሷል። የቅሬው ሰብሳቢ ሐጅ አቡበከር ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አብዱልሐሊም፣ ቀድመህ ነበር የምትመጣ።»

«እናቴ ታማብኝ ነው ሐጂ።»

ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «አላህ ያሽራት» አሉ።

እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ውሸት ግን አይደለም።

ጥቅምት 23

መብራት ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። ጥሪው ንጹሕ ነው። «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የላይ ሰፈሯ አሚና...» ይላሉ፤ ይስላሉ፤ «ወደ አኼራ ሄዳለች! ቀብሯ ከዙህር በፊት ነው!»

በፊልሙ ውስጥ አሮጊቷ ስም የላትም። የአሚናን ስም ቆረጥኩት። ሳሉንም አብሬ ቆረጥኩት። በቦታው የሲሪንቃውን ነፋስ አስገባሁ። ሲሰማ ነፋሱ ስሙን የወሰደው ይመስላል።

ከዚህ የተሻለ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ወልድያ ሄጄ ጥሪውን ለቤተልሔም ላክሁ። እዚያው እያለሁ ደወለች። «ፀጉሬ ቆመ» አለች። ቀጥላ ግን ቅር ያላትን ነገረችኝ፦ «በጣም ቅርብ ነው። ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ የሚጠራ ነው የሚመስለው። ሩቅ ይሁን፣ ተራራ ይምታው።»

በማሽን ማራቅ ይቻላል፤ ግን ያስታውቃል። ስፒከሩን ሜዳ ላይ አውጥቶ አጫውቶ፣ የገደሉን ምላሽ ከሩቅ በሌላ መቅጃ መቅዳት ይሻላል።

ዙልፋ እማን ራሷ መርሳ ጤና ጣቢያ ወስዳታለች። ወልድያ ውሰዷት ብለዋቸዋል። እኔ ወልድያ ነበርኩ።

ጥቅምት 28

ሰው አሁን ገና ከግቢያችን ወጣ። ማታ እቀጥላለሁ።

ማታ።

የሆነው እንዲህ ነው። ወፍ ጠባቂዎቹ ማማ ሳይወጡ ልጨርስ ብዬ ንጋት ላይ ስፒከሩን ከጓሮ ወደ ኮረብታው አዙሬ ተከልኩ። ጥሪው እየተደጋገመ እንዲጫወት አደረግሁ። ልክ ስጀምር መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ዝም አለ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጠለ። አላቆምኩትም። እማ ጠራችኝ፤ ውኃ ፈልጋ ነው። ቀና አድርጌ ያዝኳት። ብዙም አትከብድም። እያጠጣኋት መብራት መጣ።

«ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ጽዋውን አስቀምጬ እማን አስተኝቼ እስክሮጥ፣ ሽቦው ጠልፎኝ እስክነሣ ሦስት ጊዜ ጠራ። ስም የለውም። «ወደ አኼራ ሄዳለች» ይላል። ስለዚህ ሴት ናት፣ እስላም ናት። ድምፁ ደግሞ ከእኛ ቤት በኩል ነው። ሰው ስሙን ለራሱ ሞላው።

ከዚያ ውሻ። ከዚያ በሮች።

ግቢው በአንድ አፍታ ሞላ። ጎረቤታችን ደሳለኝ ቃሬዛውን ከአንድ ሰው ጋር ተሸክሞ ገባ። ሴቶቹ ከበር ጀምረው አለቀሱ። አንዷ «ውኃው ቧንቧ ጋ ስንነጋገር ጥቅምትን አትወጣም ብዬ ነበር» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ዙልፋ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማ ማንንም አታስገባም።

ከውስጥ የእማ ድምፅ መጣ። «ማነው የሞተ?»

ሐጅ አቡበከር ወደ በሩ ተጠጉ።

«ሲቲ! አለሽ?»

«አለሁ። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው በጠዋት አካፋ ይዛችሁ የምትመጡት?»

የሳቀ ነበር። ሐጅ አቡበከር አልሳቁም። አያ አበባው በሩጫ መጥተው በአጥሩ በኩል ቆመው ነበር። የራሳቸውን ድምፅ ከቤታቸው ሆነው ሰምተዋል። ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሰው ከሄደ በኋላ እማ ጠራችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«ማን ማን መጣ?»

ነገርኳት።

«ደሳለኝስ?»

«ቃሬዛውን የያዘው እሱ ነው።»

«እሱ ዱሮም ጨዋ ነው። ማን ቀረ?»

የቀሩትንም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ሰው ይህንን ሳያይ ነው የሚሞት። እኔ አየሁት፤ አልሐምዱሊላህ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ስትተነፍስ ደቃቅ አሸዋ በወንፊት ሲነፋ ዓይነት ድምፅ አለ። ጉንፋን ነው።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ቅሬው ተሰበሰበ። እንደ እንግዳ መሐል አስቆሙኝ።

አንዱ ተነሥቶ «ይውጣ! ይህ ሰው በቁም ሰው ቀብሯል። ዛሬ በእናቱ፣ ነገ በእኔ» አለ። «ይውጣ» የሚሉ ሌሎችም ነበሩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከወጣሁ እማን ማን ይቀብራታል? ከዚያ ደግሞ፣ ለምን ይህን አስባለሁ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

ከዚያ አያ አበባው ተነሡ።

«ድምፄን ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም።»

«የአሚናን ስም ምን አደረግኸው?»

«ቆረጥኩት።»

«ቆረጥኩት» አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው፤ ልክ እንዳልኩት፣ ቃናውን ሳይለውጡ።

ያዳነኝ ደሳለኝ ነው። «ጥፋቱ የኛም ነው» አለ። «አያ አበባው ሳይስሉ ጠርተው ያውቃሉ? ያለ ሳል የተጠራ ቅሬ ላይ እኮ ነው አካፋ ይዘን የሮጥን!» ሰው ሳቀ። ሐጅ አቡበከርም ጢማቸውን ሲያሻሹ አየሁ።

ፍርዱ ይህ ነው፦ ድምፁን በፊታቸው ላጠፋ። ደግሞ ጥሪው በእኔ ምክንያት ስለታማ፣ ከእንግዲህ አያ አበባው በጠሩ ቁጥር እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ «እውነት ነው» እንድል። እስከ መቼ? «ሰው ጥሪውን እስኪያምን» አሉ ሐጅ አቡበከር።

ከላፕቶፑም ከመቅጃውም አጠፋሁ። አዲስ አበባ የላክሁትን አላነሣሁም። የጠየቀኝ የለም።

ኅዳር 6

የመጀመሪያው ዙር። ከወንዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ አርፈው አያ አበባው ጠሩ። እኔ ሮጥኩ። ከየቤቱ «አያ አበባው ናቸው ወይስ ማሽኑ?» ይሉኛል። አንዲት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አንተስ ራስህ እውነተኛው ነህ?» አለች።

በር ሁሉ የየራሱ ድምፅ አለው። የደሳለኝ በር መሬቱን ይልሳል። የሐጅ አቡበከር ሁለት ጊዜ ይመታል። መቅጃ አልያዝኩም ነበር።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እማን ወልድያ ወሰድናት። የሆስፒታሉ ኮሪደር ሴራሚክ ነው፤ በጣም ያስተጋባል። ሐኪሙ እዚያ ኮሪደር ላይ አቁሞ ነው ያነጋገረን፤ ካለው ግማሹን አልሰማሁትም። ማስታገሻ ሰጡን። አልጋ አያስፈልጋትም፣ ቤቷ ውሰዷት አሉ። አልጋ አለማስፈለጉ ጥሩ ነው።

ዙልፋ ስንመለስ እስከ መርሳ ድረስ የእማን እጅ ይዛ ነበር። ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቅኋትም።

ኅዳር 14

ማሽላው ገባ። ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እማ ከአልጋዋ ሆና ጆንያዎቹን ታዛለች፦ «እዚያ አይደለም፣ አብዱ ክፍል አድርጉት፣ ግድግዳው ሥር።» እስከ ጣሪያ ተደረደረ። አሁን ክፍሉ ድምፅ ይውጣል። አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረኝም።

ጥሩነቱ ይህ ነው። ሌላው ነገር፣ ከግድግዳው ማዶ ስትስል አይሰማኝም። በየጊዜው እየተነሣሁ ማየት አለብኝ። ሥራው ተጓተተ።

ኅዳር 17

ዛሬ ሾርባ እያጠጣኋት ጠየቀችኝ።

«በኔ ቀን ማን ይዞርልሃል?»

«እማ፣ ተይ እስቲ።»

«ጥያቄ ነው። አንተ ለቅሶ ትቀመጣለህ። ለቅሶኛ አይዞርም። ካልዞርክ ደግሞ ሰዉ ማሽን ነው ብሎ ይተኛል። ታዲያ እኔ እስከ መቼ ልጠብቅ?»

ይህን ነገር እኔም ከስብሰባው ቀን ጀምሮ ስሸሸው ነበር።

«አበባውን ጥራልኝ» አለች።

መጡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሲሳሳቁ እንደነበር ዙልፋ ነገረችኝ፤ ጆንያው ሁሉን ስለዋጠው አልሰማሁም። ሲወጡ በሬ ላይ ቆም አሉ። ያኔ ተናገርኩ።

«አያ አበባው፣ የድምፅዎ አንዱ ቅጂ ቀርቷል። አዲስ አበባ ልኬው ነበር።»

«ያኔ ለምን አላልክም?»

«ፈርቼ።»

«የቅሬውን ቅጣት?»

«ይውጣ እንዳይሉኝ።»

«ድምፁስ የኔ ነው፤ ልተውልህ እችላለሁ። የቆረጥከው ስም ግን የአሚና ነው። እሷ ደግሞ ልትተውልህ አትችልም» ብለው ሄዱ።

ኅዳር 19

ለቤተልሔም ደወልኩ። ጥሪው ይውጣ፣ አጥፊው አልኳት።

«አብዱ አብደሃል? የፊልሙ ነፍስ እኮ እሱ ነው! መርሳ ያለ ሰው ፊልሜን የት ያየዋል? ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«በምን ልትተካው?»

አላውቅም አልኳት።

ኅዳር 22

የትንፋሿ አሸዋ ጠፍቷል። አሁን በመሐል በመሐል ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትተነፍሳለች። ዝምታው እየረዘመ ነው። እስክትተነፍስ እኔም አልተነፍስም።

ጉንፋን አይደለም።

ኅዳር 25

እማ ከሱብሒ ሶላት በፊት ወደ አኼራ ሄደች።

ኅዳር 29

ለቅሶ ተቀምጠናል። ሰው ቀለል ሲል ነው የምጽፈው።

የዚያን ቀን ዙልፋ አያ አበባው ጋ ሰው ላከች። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ገና አልነጋም፤ ማሽላው ታጭዶ ስላለቀ ወፍ ጠባቂም የለም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ለመቅጃ አይገኝም። መቅጃው የት እንደነበረ አላስታውስም።

ጠሩ። «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ከዚያ ስሟን ጠሩ፤ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከነሰፈሯ። ስሟ እንደዚያ ሙሉውን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። «ወደ አኼራ ሄዳለች!»

ዝም።

ከጥሪ በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ውሻ። ውሻው ጮኸ። ከዚያ በር። በር የለም። ጠበቅሁ። በር የለም። ሰዉ ከየብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ እኔን እየጠበቀ ነው፤ መጥቼ «እውነት ነው» እንድል።

ተነሥቼ ጫማዬን ፈለግሁ።

«ተቀመጥ፣ ለቅሶኛ አይዞርም» አለች ዙልፋ።

«ታዲያ ማን ይዙር?»

አንድ እግር ጫማ አድርጌ ሌላውን ስፈልግ ከኮረብታው ሳል መጣ። ትንሽ ሳል አይደለም፤ ከሆድ የወጣ፣ ገደሉ መልሶ ያሳለው ረጅም ሳል ነው። ቆም አለ፤ ከዚያ አያ አበባው ደገሙት። ከዚያም ስሟን እንደገና።

የደሳለኝ በር መሬቱን ላሰ። የሐጅ አቡበከር ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያ በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጫማዬን አወለቅሁ።

መቃብሩን ቆፍረው ሲጨርሱ ደሳለኝ አጠገቤ ቆመ። «እናትህ ናት እኮ ያዘዘቻቸው» አለኝ። «‹ስሜን ጥራና ደህና አድርገህ ሳል፤ ልጄ ሳል አይወድም› አለቻቸው አሉ።» እየሳቀ ነበር የነገረኝ፤ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።

ታኅሣሥ 4

አርባ ሳይወጣ ሥራ መጀመሬን አንዳንዱ አልወደደውም። ዙልፋ «ሂድ ጨርስ» አለችኝ።

ትናንት ጠዋት መቅጃዬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዘንድሮ እያንዳንዱን ደጃፍ ለምጄዋለሁ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። በርዎን አንድ ጊዜ ከፍተው ይዝጉልኝ።»

ያቺ እውነተኛው ነህ ወይ ያለችኝ ሴት ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችልኝ። «የቱ ይሻላል?» አለች። አያ አበባውም በራቸውን ከፈቱልኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም።

ታኅሣሥ 8

ላክሁ። ማታ ቤተልሔም ደወለች።

«አብዱ፣ ጥሪው የታለ?»

«የለም።»

«ምስሉ ላይ እኮ ሰውየው ኮረብታው ላይ ቆሟል፣ አፉ...»

«በጣም ሩቅ ነው። አፉ አይታይም። ነፋስ አድርጌበታለሁ።»

«ታዲያ ሰው መሞቱ በምን ይታወቃል?»

«ሄድፎን አድርጊና እንደገና ስሚው። ከነፋሱ በኋላ።»

ስልኩን ሳትዘጋ አጫወተችው። በስልኩ ውስጥ እኔም ሰማሁት፤ ውሻው፣ ዝምታው፣ ከዚያ በሮቹ።